ዝርያን ማን ይለያል፦ ዓይን ወይስ ጂን?

አንጋፋው፦ ቁመቷ ከ1 ሚሊሜትር ብዙም የማትበልጥ የሐይቅ ኮፔፖድ እንዴት እንደምትለይ አንቺም ታውቂዋለሽ። በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ ትጋደማለች። እግሮቿ በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ ተነጥለው ስላይድ ላይ ይዘረጋሉ። ሴት ሜሶሳይክሎፕስ ከሆነች የአንቴናዋ 17 ክፍሎች ይቆጠራሉ፤ በመጨረሻው ክፍል ዳር ያለችው ብርሃን አሳላፊ ስስ ሽፋንና የሽፋኗ ስንጥቅ ይፈለጋሉ። የሁለተኛው አንቴና መሠረት ይገለበጥና ጥቃቅን እሾኾቹ በስንት ረድፍ እንደተሰለፉ በእጅ ይሣላል፤ ከዚያ አምስተኛ እግሯና የዘር ከረጢቷ ቅርጽ ይታያሉ። ይህ ሥራ ከ100 ዓመት በላይ ሲፈተን፣ ሲታረምና ሲሻሻል የመጣ ነው። አሁን ግን እንስሳዋ ሙሉ በሙሉ ትፈጭና ከእሷ የተገኘ 650 ፊደል ገደማ ያለው፣ ባርኮድ የሚባል የዲኤንኤ ቁራጭ ተነቦ፣ «አንድ ያላችሁት ዝርያ 30 ነው» ይባላል። እኔ ጂንን አልንቅም። ነገር ግን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ የዓይኑ ሥራ የወደቀው የቱ ላይ ነው? ጂኑ ያገኘው ልዩነትስ ለእንስሳቱ ለራሳቸው ትርጉም ያለው ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው?

ወጣቷ፦ የወደቀበትን ቦታ በአንድ እንስሳ ላሳይዎት፣ ጋሼ። ሃያሌላ አዝቴካ ጥቂት ሚሊሜትር የምትረዝም፣ ወገቧ የጎበጠ፣ በኩሬና በምንጭ ደለል ላይ የምትኖር አምፊፖድ ናት። ሶሱር የተባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1858 ከሜክሲኮ በተገኙ ናሙናዎች ገለጻት። ከዚያ በኋላ በሰሜን አሜሪካ ጀርባዋ ላይ ትናንሽ እሾኾች ያሏት ተመሳሳይ እንስሳ በተገኘች ቁጥር ይኸው ስም ይሰጣት ጀመር፤ ስሙ ከሜክሲኮ እስከ ካናዳ ተዘረጋ። ስሙ በመጽሐፍ ብቻ ቢቀር ግድ አልነበረም። ነገር ግን ይህች እንስሳ የአሜሪካና የካናዳ ላቦራቶሪዎች የወንዝና የሐይቅ ደለል መመረዙን የሚፈትሹባት መለኪያ ሆነች። ደለሉ ውስጥ ትጨመራለች፤ ከሞተች ደለሉ ተመርዟል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የዊት፣ የትሬሎፍና የኸበርት ጥናት በምዕራብ አሜሪካ በረሃ ምንጮች ብቻ በዚህ አንድ ስም ዙሪያ 33 ጊዜያዊ ዝርያዎችን በዲኤንኤ ለየ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዌስተንና ባልደረቦቹ ከዱር የተሰበሰቡትን ከላቦራቶሪዎቹ ጋር ሲያወዳድሩ፣ ፓይሬትሮይድ የሚባለውን ፀረ ተባይ የመቋቋም አቅማቸው ከ500 እጥፍ በላይ ሲራራቅ አገኙት። ስም ቃል መግባት ነው፤ «ይህን ስም የያዙት ሁሉ በአንድ ዓይነት ሁኔታ አንድ ዓይነት ይሆናሉ» የሚል ቃል። አንዷ በምትሞትበት መርዝ ሌላዋ እየበላችና እየወለደች የምትኖር ከሆነ ያ ቃል ፈርሷል። የፈረሰውም ዓይን ያልደረሰበት ቦታ ላይ ነው።

አንጋፋው፦ ጥናቱን በደንብ አንብቢው፤ እኔን የሚደግፍ ነገር አለበት። የመቋቋሙ ምክንያት በነርቭ ላይ ያለውን የሶዲየም በር በሚሠራው ጂን ውስጥ የተፈጠረ የነጥብ ለውጥ ነው። አንድ ፊደል ተለወጠ፤ መርዙ መያዣ አጣ። ያ ለውጥ የዝርያ ድንበር አይደለም። ፀረ ተባይ በሚረጭበት እርሻ አጠገብ በምትኖር በማንኛዋም እንስሳ ላይ ሊነሳ የሚችል ነው። አንድ ዝርያ ውስጥ መርዙን የለመዱም ያልለመዱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ትንኞች ዲዲቲን ሲለምዱ አዲስ ዝርያ ሆኑ ያለ የለም። ስለዚህ ያ ሁሉ እጥፍ አንድ ሕዝብ ከአካባቢው ጋር መላመዱን ያሳያል እንጂ 33 ስም ያስፈልጋል አያሰኝም። ስም የተገባው ቃል ነው ካልሽ፣ ጂን የሰጠው ስምም ያንን ቃል አልጠበቀም፤ በአንዱ የጂን ክፍል ውስጥም የሚሞቱና የማይሞቱ አሉና።

ወጣቷ፦ ይህ እውነት ነው፤ በመርዙ ብቻ ተመርቼ ዝርያ ብከፍል እሳሳት ነበር። ግን ያንን ለማወቅ ያስቻለን ምን እንደሆነ እንመልከት። ለውጡ አንድ ጊዜ ተነስቶ ተዛመተ ወይስ በየቦታው ለየብቻው ተነሳ? ጥናቱ የመለሰው ይህን ነው፤ በተለያዩ የዘር መስመሮች ውስጥ ራሱን ችሎ ደጋግሞ ተነስቷል። ሁሉንም አዝቴካ ብለን በአንድ ስም ብንተው ኖሮ፣ «አንድ ዝርያ መርዙን ለመደ፣ ልምዱም ተሰራጨ» ብለን እንጽፍ ነበር። የተሳሳተ ታሪክ፣ የተሳሳተ መፍትሔም ያመጣ ነበር። የዘር ሐረጉን ሳይስሉ ልማድን ከውርስ መለየት አይቻልም። ደግሞም ልዩነቱ በመርዝ ብቻ አይደለም። ዌልቦርን የተባለው ተመራማሪ በሚቺጋንና በኦክላሆማ ሃያሌላዎችን ለብዙ ዓመት ሲያጠና፣ አሳ በሚኖርበት ውሃ ትናንሽና ቶሎ የሚወልዱ፣ አሳ በሌለበት ደግሞ ትላልቅ ሆነው አገኛቸው። ዓይን ብቻ ያለው ሰው ትናንሾቹን በአንድ ጎራ፣ ትላልቆቹን በሌላ ጎራ ያስቀምጣቸዋል። ዲኤንኤው ግን ተመሳሳይ መጠን ያላቸው የግድ የቅርብ ዘመድ እንዳልሆኑ አሳየ። የአሳ አፍ በተለያየ ቦታ ተመሳሳይ አካል ቀርጿል። እርስዎ የሚለኩት አካል ዝምድናን ብቻ አይናገርም፤ ማን እንደሚያሳድዳቸውም ይናገራል፤ ሁለቱ ድምፆች ደግሞ በማይክሮስኮፕ አይለያዩም።

አንጋፋው፦ ለዚህ እኮ ነው በመጠን የማንለየው። ጥሩ መዳቢ ለአሳና ለምግብ የሚታዘዘውን ትቶ የማይታዘዘውን ይፈልጋል፤ የእሾኽ ረድፍ፣ የዘር ከረጢት፣ የአፍ ክፍል። እኛ ራሳችንን ማረም እንደምንችልም ታሪኩ አለ። ሜሶሳይክሎፕስ ሊውካርቲ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዓለም ሁሉ የሚኖር አንድ ዝርያ ተብሎ ይታመን ነበር። የአፍሪካ ኩሬም፣ የህንድ ጉድጓድም፣ የጀርመን ሐይቅም ይህንኑ ስም ይዟል። ኪፈር የተባለው መዳቢ እ.ኤ.አ. በ1981 አሁን የነገርኩሽን የአንቴና መሠረትና ያንን ስስ ሽፋን እየመረመረ፣ በዚያ ስም የተሸፈኑት ብዙ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳየ፤ እውነተኛው ሊውካርቲም የአፍሪካ እንስሳ አለመሆኑ ታወቀ። አሜሪካዊው ዴቪድ ፍሬይም በዚያው ዘመን በክላዶሴራዎች ላይ ይህንኑ ሠራ፤ «በየትም የሚኖሩ» የተባሉት በየአህጉሩ የተለያዩ ናቸው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ባርኮድ አልነበራቸውም። ዓይኑ የጎደለው ትዕግሥት ነበር፤ ጥድፊያውን ስታርሚው ዓይን ይበቃል። በአሜሪካው የሞት ሸለቆ (ዴዝ ቫሊ) ምንጮችም ሁለት የሃያሌላ ዝርያዎች በአካላቸው ተለይተው የተገለጹት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ያ የ33ቱ ጥናት ገና ሳይወጣ።

ወጣቷ፦ የኪፈርን ሥራ እኔም አከብራለሁ። ነገር ግን ትዕግሥት የማይደርስበት ቦታም አለ። ከክላዶሴራዎቹ አንዷን፣ ዳፍኒያን እንውሰድ። አንዲት እናት ያለ ወንድ የወለደቻቸው፣ ጂናቸው አንድ የሆነ እህትማማቾች በሁለት ብርጭቆ ይቀመጡ። በአንዱ ውስጥ ቻኦቦረስ የተባለችው አዳኝ እጭ የኖረችበት ውሃ ይጨመር፤ እጯ ራሷ መግባት የለባትም፣ ሽታዋ ይበቃል። በዚያ ብርጭቆ የሚወለዱት የዳፍኒያ ፑሌክስ ልጆች አንገታቸው ላይ እንደ ጥርስ ያለ ጉብታ ያበቅላሉ፤ በሌላው ያሉት አያበቅሉም። ዳፍኒያ ሉምሆልትዚ ደግሞ የአሳ ሽታ ሲደርሳት ራሷ ላይ ረጅም ቀንድ፣ ጭራዋ ላይ ረጅም እሾኽ ታወጣለች። ይህች እንስሳ በጣናም አለች፤ በመጀመሪያ የተገለጸችው ግን በኖርዌይ ነው። ጂ ኦ ሳርስ ከአውስትራሊያ የተላከለትን ደረቅ ጭቃ በውሃ አርሶ ከውስጡ የተፈለፈሉትን አሳደገና እ.ኤ.አ. በ1885 ስም ሰጣት። ቀደምት መዳቢዎች ለበጋዋ ቅርጽ አንድ ስም፣ ለክረምቷ ሌላ ስም ሲሰጡ የኖሩት ትዕግሥት አጥተው ብቻ አይመስለኝም። አካሉ ራሱ ሁለት ነበር።

ጂን መከፋፈል ብቻ ነው የሚያውቀው የሚለውንም እዚሁ ላንሳው። ፔትሩሴክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓን የዳፍኒያ ሎንጊስፒና ቡድን በዲኤንኤ ሲመረምሩ፣ ዳፍኒያ ሃያሊና እየተባለች በሐይቅ የምትታወቀው፣ ሮዜያ እየተባለች በኩሬ የምትታወቀውም፣ ከሎንጊስፒና የማይለዩ አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። ጂኑ ስሞችን አጠፈ። ሃያሊና የሚለው ስም በጣና የዙፕላንክተን ጥናቶች ውስጥም አለ። የጣናዋ እንስሳ ከአውሮፓዋ ጋር ትታጠፋለች ወይስ ራሷን የቻለች የደጋ ሐይቅ ዝርያ ናት? የጭንቅላቷን ቅርጽ በመሣል ብቻ ይህን እመልሳለሁ የሚል ሰው አላውቅም።

አንጋፋው፦ ስለ ቅርጿ ያልሽውን እቀበላለሁ፤ ዳፍኒያ ለእኛም ፈተና ናት። እንግዲህ አሁን የአንቺን መሣሪያ እንመርምር። ባርኮዱ የሚነበበው ከማይቶኮንድሪያ ነው፤ ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። በአውሮፓ ሐይቆች የዳፍኒያ ዝርያዎቹ ጋሌያታ፣ ኩኩላታና ሎንጊስፒና እርስ በርስ ይዳቀላሉ። ድቅሏን ወስደሽ ባርኮዷን ስታነቢ የእናቷን ስም ብቻ ይነግርሻል፤ የአባቷ ነገር ከመዝገቡ የለም። ዓይኔ ግን በመካከል ያለውን ቅርጿን አይቶ ሊጠረጥር ይችላል። ሁለተኛ፣ ድንበሩ ስንት ነው? ሦስት በመቶ? አራት? በዚያ የበረሃ ምንጮች ጥናት በአንድ ቦታ ሕዝብ ውስጥ የሚታየው አማካይ ልዩነት በአሥር ተባዝቶ ድንበር ተደረገ። ለምን አሥር? ተፈጥሮ ይህን ቁጥር አልሰጠችም። ሦስተኛውና ዋናው መራባት ነው። ካሮል ሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ዩሪቴሞራ አፊኒስ የተባለችውን፣ ከጨዋማ ወንዝ አፍ ወደ ንጹህ ውሃ የገባችውን ኮፔፖድ ከተለያዩ ቦታዎች አምጥታ አዳቀለች። የመዳቀሉ ውጤት ከጂን ርቀቱ ጋር አልተጣጣመም፤ በጂን የሚቀራረቡ ሕዝቦች እንኳ መዋለድ አቅቷቸው ተገኙ። እንግዲህ የጂን ርቀት እንስሳቱ ለራሳቸው የሠሩትን ድንበር ካልተነበየ፣ በምን ሥልጣን ዝርያ ይከፍላል?

ወጣቷ፦ ብቻውን ሥልጣን የለውም። ባርኮድን እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀው ፖል ኸበርት ራሱ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የዳፍኒያን ጂን ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። መዳቀሉንም፣ የማይቶኮንድሪያን ጉድለትም የሚያውቅ ነው። የእናትን ጂን ከኒውክለስ ጂኖች ጋር አብሮ ማንበብ የተለመደውም ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ሲጣሉ ድቅል አለ ማለት ነው፤ ጠባቸው ራሱ ማስረጃ ነው። ስለ ዩሪቴሞራ ያነሱት ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎን የሚጎዳ ይመስለኛል። እነዚያ የማይዋለዱት ሕዝቦች በአካላቸው የሚለዩ ስላልነበሩ በአንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ጂኑ የተሳሳተ ርቀት ቢሰጥም «እዚህ ጋ ፈትሹ» ብሎ ጠቆመ፤ አካሉ ግን ምንም አልጠቆመም። ድንበሩ አሥር እጥፍ ይሁን አምስት፣ እኔ የምወስደው እንደ ጥያቄ ነው። ከጥያቄው በኋላ ማዳቀል፣ አኗኗርን መመልከት፣ ከዚያም ወደ ስላይዱ ተመልሶ ጂኑ በለያቸው መካከል ቋሚ የአካል ልዩነት መፈለግ ይመጣል። በሃያሌላ የሆነው ይህ ነው፤ በጂን ከተለዩት መስመሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 በአካሉ ተገልጾ በዌልቦርን ስም ተሰይሟል።

ዓይን ፈጽሞ ሊያየው የማይችለውንም አንድ ታሪክ ላንሳ፤ ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ ኬንያ ነው። በናይቫሻ ሐይቅ ዳፍኒያ ፑሌክስ አለች ተብሎ ይታወቅ ነበር፤ ዛሬም አለች ይባላል። መርጋይና ባልደረቦቹ የሐይቁን ደለል በዓምድ አውጥተው፣ በየንብርብሩ ተኝተው ከቀሩት እንቁላሎች ዲኤንኤ አነበቡ። በታችኛው ንብርብር ያለችው በወንድና በሴት የምትራባ፣ ብዙ የጂን ዓይነት ያላት የአገሬው ዳፍኒያ ናት። ከላይ ያለችው ግን ከአሜሪካ የመጣች፣ ያለ ወንድ የምትራባ አንዲት ድቅል ክሎን ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳተሙት፣ ይህች ክሎን ከገባች በኋላ በ60 ዓመት ውስጥ የአገሬዋን ተክታለች፤ በአፍሪካም የአገሬዋ ፑሌክስ ወደነበረችባቸው ውሃዎች ሁሉ ተዛምታ ያገኟት እሷን ብቻ ነው። ሐይቁ ውስጥ አንድ ዝርያ ከሥሩ ሲነቀል የስም ዝርዝሩ ላይ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ናሙና የሰበሰቡት ሁሉ ጎበዝ ነበሩ፤ በሚያዩት አካል ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

አንጋፋው፦ የናይቫሻው ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ነው፤ ዓይን እዚያ ዕውር ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጂኑ የነገረሽን ተመልከቺ፤ «ከአሜሪካ የመጣች ድቅል ክሎን» አለሽ። ዝርያዋ ማን ናት? ከወንድ ጋር የማትራባ፣ ከሁለት ዝርያ የተቀላቀለች እንስሳ በማዳቀል አትፈተንም፤ የእናቷና የአባቷ ጂን ሁለት ቦታ ይሰዳታል። ጂኑ ማንነቷን ፈልፍሎ አወጣ፣ ስሟን ግን አላወጣም። ስም የሚያወጣው ሰው ነው፣ በሚዛን። ስም ደግሞ ሥር ያስፈልገዋል። አዝቴካ የሚለው ስም ባለቤቱ ማን ነው? ሶሱር የገለጻት የሜክሲኮዋ እንስሳ ናት። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት ተመራማሪዎች ወደ መጀመሪያው ቦታ፣ ወደ ቬራክሩዝ ተመልሰው እንስሳዋን በአካሏ እንደገና የገለጿት። ያ ባይደረግ ኖሮ የትኛው የጂን መስመር ስሙን ይወስዳል? የላቦራቶሪዎቹ? የበረሃው? ለሁሉም ቁጥር ትሰጫለሽ፤ ቁጥሩን ደግሞ የሚቀጥለው ጥናት ይለውጠዋል።

ሌላም አለ። ጋምቤላ ውስጥ የጊኒ ዎርም በሽታ የሚተላለፈው በኩሬ ውሃ ውስጥ ባሉ፣ ሳይክሎፕስ በሚባሉ ኮፔፖዶች ነው። ሩሲያዊው ፌድቼንኮ እ.ኤ.አ. በ1870 ይህን ያወቀው በዓይኑ ነው። የጤና ሠራተኛው ለመንደሩ የሚሰጠው የማጣሪያ ጨርቅ የሳይክሎፕሷን ስም አይጠይቅም፤ ኩሬው ላይ የሚጨመረው አቤት የተባለው ኬሚካልም አይጠይቅም። በሽታው በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 ከነበረበት 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሕሙማን በዓመት ወደ ጥቂት ሰዎች የወረደው ባርኮድ ሳይነበብ ነው። ገንዘብ ውስን በሆነበት አገር ለጂን ማንበቢያ የሚወጣው ከየት እንደሚቀነስም ማሰብ ይገባል።

ወጣቷ፦ ማጣሪያው ስም አለመጠየቁ መልካም ነው፤ ሁሉንም ስለሚያስቀር ነው። ስም የማይጠይቅ ሥራ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሥራ ነው። ሁሉም ሥራ ግን እንደዚያ አይደለም። ቬትናም ውስጥ የደንጌ ትኩሳት አስተላላፊዋን ትንኝ ለማጥፋት ሜሶሳይክሎፕስን በውሃ ማጠራቀሚያ ይጨምራሉ፤ የትንኟን እጭ ይበላሉና ከብዙ መንደሮች ትንኟን አጥፍተዋል። ደንጌ በድሬዳዋና በአፋር ታይቷል፤ ነገ አንድ ሰው ይህንኑ ዘዴ እዚህ እንጠቀም ቢል፣ የምንጨምራት ሜሶሳይክሎፕስ እጭ የምትበላው ናት ወይስ የማትበላው? የጊኒ ዎርሙን እጭስ ተሸክማ የምታሳድግ ናት ወይ? ኪፈር ሊውካርቲን ባይከፋፍለው ኖሮ «ሁሉም ያው ነው» ተብሎ ይጨመር ነበር። ያኔ ስሙ የሰው እግር ላይ የሚወጣ ትል ይሆናል። ለዚህ እኮ ነው ዓይኑንም ጂኑንም የምፈልገው፤ ኪፈር በዓይኑ ከከፈላቸው ውስጥ ገና ያልተከፈለ ሊኖር ስለሚችል።

አንጋፋው፦ እንግዲያው ከጠርሙሱ እንጀምር፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነው። ናሙናውን ፎርማሊን ውስጥ የሚከት ሰው አካሉን ያቆያል፣ ዲኤንኤውን ያበላሻል። አልኮል ውስጥ የሚከት ዲኤንኤውን ያድናል፤ አካሉን ግን ሊያዛባ ይችላል። እኛ በፎርማሊን የዳፍኒያዋ ቅርፊት እንዳይነፋ፣ እንቁላሏም እንዳይፈስ ፎርማሊኑ ላይ ስኳር እንጨምራለን። በየቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ የተቀመጡት የድሮ ናሙናዎች አብዛኞቹ ፎርማሊን ናቸው፤ አዲሶቹ ደግሞ አልኮል ብቻ እየሆኑ ነው። ትናንት የሰበሰብነውን አንቺ ማንበብ አትችይም፤ ዛሬ የምትሰበስቢውን ነገ ማንም መሣል አይችልም። ከአንድ መረብ ሁለት ጠርሙስ ይሞላ፤ እዚህ ላይ አንጣላም። ስሙን ግን ሁለቱ ጠርሙሶች እስኪስማሙ አልጽፍም። ያለ ማስረጃ የተጻፈ ስም ሌላው ሁሉ የሚጽፈው ስም ይሆናል። ሊውካርቲን ከየመዝገቡ ለመንቀል ስንት ዓመት እንደፈጀ አስቢ።

ወጣቷ፦ በሁለቱ ጠርሙሶች እስማማለሁ፤ በመጠበቁ ላይ ግን አልስማማም። ከእነዚያ 33 መስመሮች ውስጥ በአንድ ምንጭ ብቻ የተገኙ አሉ። በበረሃ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ሲሳብ ምንጩ ይደርቃል፤ ምንጩ ሲደርቅ በሌላ ቦታ የሌለ መስመር አብሮ ያልቃል። ጥበቃ የሚደረግለት ስም ያለው ነው፤ ቁጥር ይዞ የሚጠብቀውን የሚያየው የለም። እርስዎ የሚፈሩት ስህተት አንድ የማይገባ ስም መዝገብ ላይ መቆየቱ ነው፤ እሱን ፔትሩሴክ ሃያሊናን እንዳጠፈው ኋላ ማጠፍ ይቻላል። እኔ የምፈራው ስህተት ግን ስም ሳይወጣለት ከምንጩ ጋር ያለቀ መስመር ነው፤ እሱን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ጂኑና አንድ ሌላ ማስረጃ፣ መዳቀል ይሁን አኗኗር ይሁን የእሾኽ ረድፍ፣ ከተስማሙ ስሙን አወጣለሁ፤ ሁሉም እስኪስማማ አልጠብቅም።

አንጋፋው፦ አንድ ሌላ ማስረጃ ካልሽ ተቀራርበናል። ማስረጃውን ግን እኔ ልምረጥልሽ፤ በኩሬው ዳር የቆመ ሰው፣ ላቦራቶሪ የሌለው፣ በእጅ ማይክሮስኮፕ ሊያየው የሚችለው ይሁን። ጥበቃ የሚደረግለትን እንስሳ ለመለየት በየጊዜው ወደ ከተማ ናሙና መላክ ካስፈለገ፣ ምንጩን የሚጠብቀው ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ አያውቅም።

ወጣቷ፦ የሚታይ ልዩነት ካለ እፈልገዋለሁ፤ ካገኘሁትም በመግለጫው መጀመሪያ መስመር ላይ አሰፍረዋለሁ። የናይቫሻዋን ዳፍኒያ ግን ያስታውሱ፤ የሚታይ ልዩነት ስላልነበራት ብቻ በዚያ ሐይቅ 60 ዓመት ሙሉ ማንም አልጠበቃትም።